የሻለቃ ድንጋይ

«ደገማት!» ብላ ጮኸች የእንጀራ እህቷ።

ቃሪያ ከደብተሯ ቀና አላለችም። ሳታይም ምን እንደተደገመ ታውቃለች። አልጋዎቹ መሐል በቆመው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ሻለቃ የተባለው ዓሣዋ ብርቱካናማዋን ዓሣ አሳድዶ አሳድዶ ከማጣሪያው ቱቦ ጋር አጣብቋታል። ሻለቃ ጥቁር መስመር ያለበት ሰማያዊ ዓሣ ነው። ርዝመቱ የሰው መዳፍ ቢያህል ነው፤ ጠባዩን ግን ገንዳውም አይችለው።

«ጅራቷን ቦጨቀላት! ነይ እይው እስቲ!»

«ዓሣ ነው። ምን ላድርገው፣ ቁጭ አድርጌ ልምከረው?»

«ሳቂ አንቺ።»

«አልሳቅሁም» አለች ቃሪያ እየሳቀች።

ቃሪያ አባቷ ያወጣላት ስም ነው፤ ስትስቅም ስታኮርፍም ታቃጥያለሽ ብሎ። እሷ ደግሞ በተራዋ ለእንጀራ እህቷ ስም አውጥታላታለች፤ «ተከራይዋ» ትላታለች፣ በልቧ። እናቷ ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ አባቷ ሚስት አገባ፤ ሚስቲቱ ልጇን ይዛ መጣች፤ ልጅቷም በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ብርቱካናማ ዓሣ ያለችበት ባልዲ አንጠልጥላ በቀጥታ ቃሪያ ክፍል ገባች። ቃሪያን ማን ጠየቃት? ማንም።

ስለዚህ ድንበሯን ራሷ አበጀች። አባቷ መስታወት ቆራጭ ነው። ከሱቁ ያመጣችውን ቢጫ ፕላስተር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወለሉ ላይ ለጠፈችው። መስኮቱ፣ ጠረጴዛውና ቁም ሣጥኑ የእሷ ሆኑ። ለተከራይዋ በሩና ከበሩ ሥር የሚገባው ንፋስ ደረሳት። ፕላስተሩ ገንዳው ጋ ሲደርስ እጥፍ ብሎ ይዞረዋል፤ ገንዳውም በቃሪያ በኩል ቀረ።

ተከራይዋ ይህን ሁሉ አይታ ምንም አላለችም። ቃሪያን ይበልጥ ያበገናት ይኸው ዝምታዋ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እሳትና ጭድ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ሻለቃ የብርቱካኗን ክንፍ ሲቀድ አባቷ መጥቶ ገንዳው ፊት ቁጢጥ አለና ብዙ አየ። «አንድ ጊዜ ብቻ ይድገማት» አለ። «ለጥርስ ሐኪሙ እሰጠዋለሁ። እሱ ትልቅ ገንዳ አለው።»

«አባዬ፣ መሐሉን በመስታወት ክፈለዋ! አንተ እኮ መስታወት ቆራጭ ነህ!»

«ለሰው እቆርጣለሁ። እቤቴ ውስጥ ግን ግድግዳ አልሠራም።» ይህን ብሎ ወለሉ ላይ ያለውን ፕላስተር አየት አደረገና ተሻግሮት ወጣ።

ሻለቃን ከአባቷ ጋር ሄደው ሲገዙት ጥፍር አያህልም ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስታወቱ ድረስ መጥቶ ይቀበላታል፤ ምግቡን ከጣቷ ላይ ይለቅማል። ቤቱ የእሷና የአባቷ ብቻ የነበረበትን ጊዜ የሚያውቅላት የቀረ ፍጡር ቢኖር እሱ ነው። እሱ ለጥርስ ሐኪም ሲሰጥ ማሰብ እንባዋን ያመጣዋል።

አሁን ደግሞ የአባቷ ኮቴ ተሰማ። በሩ ተከፈተ።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?»

ቃሪያ ተስፈንጥራ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ሄዳ በጀርባዋ ገንዳውን ከለለችው። «ምንም። ሸረሪት አይታ ነው።»

አባትየው ወደ ተከራይዋ ዞረ። «እውነት ነው?»

በቃ፣ አበቃ። አንዲት ቃል ብትናገር ሻለቃ ነገ የለም። ቃሪያ እሷን ብትሆን ኖሮ ሳትጠየቅ ትናገር ነበር፤ እንዲያውም ጨምራ። ተከራይዋ ፕላስተሩን አየች፤ ቃሪያን አየች።

«አዎ ጋሼ» አለች። «ይሄን የሚያህል ሸረሪት።»

አባትየው ሁለቱንም በተራ አየና «እንዳትገድሉት፤ ዝንብ ይበላልናል» ብሎ በሩን ዘጋው።

ቃሪያ ወደ ተከራይዋ ዞረች። «ለምን ዋሸሽልኝ?»

«ላንቺ ማን ዋሸ? ለዓሣው ነው።»

«ዓሣሽን እየበላ?»

«ከቤት ውጡ መባልን ስለማውቀው ነው።» ተከራይዋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አከራያችን ‹ልጄ ሊያገባ ነው፤ ቤቱን ልቀቁ› አለን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዕቃችንን በር ላይ ደርድሮታል። ፍራሼ ሳይቀር መንገድ ላይ ነበር። ሰው ሁሉ እያየ ስለሚያልፍ እናቴ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም።»

ቃሪያ በልቧ ያወጣችው ስም ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ። ጮክ ብላ ጠርታት ባለማወቋ ያን ቀን ፈጣሪዋን አመሰገነች።

«እንዳትሳሳቺ ግን» አለች ልጅቷ። «ዓሣሽን አልወደውም። አንቺንም።»

«እኔስ መቼ ሞትኩልሽ?» አለች ቃሪያ። ቆይታ ደግሞ፣ «እና ምን ይሻላል? ነገ አባዬ ጅራቷን ማየቱ አይቀርም።»

«ባልዲ አምጪና አውጪው። ድንጋዮቹን በሙሉ እናነሳና ቦታ እናቀያይራለን። እሱ መጨረሻ ይገባል። የድሮ ሰፈር ጎረቤታችን እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። ሁሉም አዲስ ሲሆንበት የኔ ነው የሚለው ቦታ ያጣል፤ ማሳደዱንም ይተዋል።»

«መጀመሪያ የነበረው እኮ እሱ ነው!»

«እሺ፣ ተይው። ለጥርስ ሐኪሙ ሰላም በይልኝ።»

ቃሪያ ጥርሷን ነክሳ ባልዲውን አመጣች። ከራሱ ከገንዳው ውሃ ቀዱለት። ሻለቃ ግን ቤቴ ከሚለው ቀዳዳ ድንጋይ ውስጥ አልወጣም አለ። ድንጋዩን በእጇ ልታነሳው ስትል ተወርውሮ ጣቷን ነከሳት፤ ያውም በየቀኑ ምግቡን የሚለቅምባትን ጣት።

«እኔን!» አለች ቃሪያ። ብዙም አላመማትም፤ ግን ከፋት። «እኔን ነከሰኝ!»

ልጅቷ ፍርፍር ብላ ሳቀች። «ድንጋዩን ለነካበት እናቱንም አይምር።»

በመረብ ይዘው ባልዲው ውስጥ አሳደሩት፤ እንዳይዘልም መረቡን ከላይ ከደኑበት። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ድንጋዩን ሁሉ አነሱ። «ቀስ በይ፣ ታደፈርሽዋለሽ!» «አንቺ ነሽ ያደፈረስሽው!» ሲባባሉ አመሹ።

ጠዋት ሻለቃን መለሱት። ቀዳዳው ድንጋይ ወደነበረበት ማዕዘን በቀጥታ ዋኘ፤ አሸዋ ብቻ ጠበቀው። ዞረ። ተመልሶ ያንኑ ማዕዘን አየ። ብርቱካኗ በተቦጨቀ ጅራቷ በአጠገቡ ስታልፍ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተዋትና ፍለጋውን ቀጠለ። ነገ ምን እንደሚያደርግ ግን እሱ ያውቃል።

«አንጀቴን በላው» አለች ቃሪያ። «ምን አጠፋ?»

«ምንም። እሷስ ምን አጠፋች? መርጣ መጣች?»

ሻለቃ አሁንም ማዕዘን ለማዕዘን ይዞራል። ቃሪያ ደግሞ መስኮቱን፣ ቢጫውን ፕላስተር፣ በሩ ሥር ያለውን አልጋ አየች። ብርድ ልብሱ ላይ ካፖርት ተደርቦበታል። እስከዛሬ አላስተዋለችውም።

«በድሮው ቤት አልጋሽ በየት በኩል ነበር?»

«በመስኮት በኩል። ምን አገባሽ?»

ቃሪያ ተነሥታ የራሷን አልጋ በአንድ ጫፍ ያዘች። «ያዢ በዚያ በኩል።»

«የት ልንወስደው?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ ከዚህ ይነሣ። ምን ታዪኛለሽ? ያዢ እንጂ!»

ልጅቷ ፕላስተሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ከዚያ ተሻገረችና ያዘች። አልጋው እየተንቋቋ ተነቃነቀ፤ እግሩ ፕላስተሩን እየጎተተ ከወለሉ ላይ አላቀቀው። ሁለቱም አዩትና መጎተታቸውን ቀጠሉ።

«ደግሞ ምን እየሆነ ነው?» አለ አባትየው ከኮሪደሩ።

ቃሪያ በሩን አየች። «ና ግባ አባዬ!» አለች። «ትናንት ሸረሪት አልነበረም። ሻለቃ ነው፣ ዋሽቼህ ነው፤ ሁሉንም እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን እሷን በዚያ በኩል አግዛት፣ ከብዷታል።»