በኩሬው ዳር የቆመው ወንበር

ሬሳው ከኩሬው ወጥቶ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ማለደ ሲደርስ ግን አስቀድሞ ዓይኑ ያረፈው የሟቹ ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው።

ቀደም ብሎ፣ ውጭ መንገዱ ላይ፣ ባልደረባው ኑሪት የፖሊሱን መኪና በር ከፍታ የማለደን ተሽከርካሪ ወንበር ከኋላ አወረደችና ዘረጋችለት። እሱም በክንዱ ተደግፎ ከመኪናው ወደ ወንበሩ ተሻገረ። እሱ የነበረበት የፓትሮል መኪና በዲሞና መንገድ ከተገለበጠ ወዲህ ኑሮው እንዲህ ነው። ዛሬ ግን ሥራውን ሳይጀምር ደክሞታል። የነሐሴ ፀሐይ ብታዘነብልም የቤርሼቫ አስፋልት አሁንም እሳት ይተፋል።

«ለምን አንተን እንደመረጡ ገብቶሃል?» አለችው ኑሪት በዕብራይስጥ። «ሟቹ ኢትዮጵያዊ ነው፤ እንዳንተው ባለ ወንበር። አለቃችን ‹ማለደ ቶሎ ይጨርሰዋል› ብሏል።»

«ቶሎ ይጨርሰዋል ማለት አደጋ ነው ብሎ ይመለስ ማለት ነው» አለ ማለደ።

ሬሳው የተገኘበት ሉና ፓርክ በከተማው ዳርቻ ያለ፣ ቀለሙ የለቀቀ የመጫወቻ ቦታ ነው። ዋናው መግቢያ ደረጃ ስላለው ማለደ በጓሮ በር፣ በቆሻሻ ገንዳዎችና በከረመ የመጥበሻ ዘይት ሽታ መሃል ዞሮ ገባ። መንገዱን ያሳየው የፓርኩ ሥራ አስኪያጅ አቪ ሲሆን ሙሉውን መንገድ ሲያወራ የነበረው ከማለደ ራስ በላይ ወደ ኑሪት ነው።

«ያ ባለ ወንበሩ ስንት ጊዜ ተነግሮታል መሰለሽ! ተዳፋቱ አደገኛ ነው ብለነዋል። አልሰማም። ተንሸራቶ ገባ፤ አለቀ።»

«ስሙ ማን ነበር?» ሲል ማለደ ከታች ጠየቀ።

አቪ ገና አሁን ያየው ይመስል ጎንበስ አለ። «ስሙ? ካቢ… ኮቢ… እንደዚህ ያለ ነገር። በየሳምንቱ እየመጣ ይጨቀጭቀኛል እንጂ ስሙን አልያዝኩትም።»

ስሙ ክንዴ ነበር። ማለደ በአካል ማገገሚያው ክሊኒክ በመልክ ያውቀዋል። ከግንባታ ላይ ወድቆ ከደረቱ በታች የማይንቀሳቀስ፣ ድምፁ የሰለለ፣ ፈገግታው የማይለየው ሰው ነበር።

ማለደ ጨርቁን ገለጥ አደረገ። ክንዴ ቁምጣ ለብሷል። በሁለቱ ጭኖቹ ላይ፣ ከግራ እስከ ቀኝ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ውሃ ቋጥሯል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የኋላ ኪሱ ሲፈተሽ የቆዳ ጓንቶቹ ተጣጥፈው ተገኙ።

«አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ» አለ ሬሳውን ያየው የፖሊስ ሐኪም ዕቃውን እየሰበሰበ። «ቴርሞሜትሬ ሳይበላሽ አይቀርም። ሰውየው ከውሃ ነው የወጣው፤ ሙቀቱ ግን ንዳድ ከያዘው ሰው ይበልጣል። ሁለቴ ለካሁት።»

«ሰምጦ ነው የሞተው?»

«ሳይመረመር አልምልም። የሰመጠ ግን አይመስልም።»

ማለደ ወደ ባዶው ወንበር ዞረ። ወንበሩ በተዳፋቱ ግርጌ፣ ከኩሬው ጠርዝ ተጠግቶ ቆሟል። በመቀመጫው ትራስ ላይ እጁን ደጋግሞ አሻሸ። ትራሱ በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ያለ ነው። ከፍ ያለው ወገን ወደ ፊት፣ ወደ ጉልበት መሆን ሲገባው ወደ ኋላ ዞሮ ተቀምጧል። 

«ኑሪት፣ ዛሬ ቶሎ አንጨርስም» አለ።

ሬሳውን ያገኘው የክንዴ ታናሽ ወንድም ሰማይ ነበር። የፋብሪካ ቱታውን እንደለበሰ፣ ወንድሙን ጎትቶ ያወጣበት ውሃ ገና ሳይደርቅለት፣ የዛፍ ግንድ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«አይዞህ ወንድሜ» አለው ማለደ በአማርኛ። «ጠዋት አንተ ነህ ያመጣኸው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ቤታችን ሽኩና ቤት የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው። በጀርባዬ አዝዬ አወረድኩት፣ እዚህ አድርሼው ወደ ሥራ ሄድኩ። ስመለስ…»

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

ሰማይ ቀና አለ። «ማን ነገረህ? አዎ። ወገቤ አለቀ፣ ደከመኝ አልኩት። እሱ ሳቀና ‹እኔም መታዘል ደክሞኛል› አለኝ። ጋሼ፣ በዚህ አገር ያለ ሉና ፓርክ ሁሉ አብረን ዞረናል። አንዱ ጋ ትኬት ይሸጡለትና ቁጭ ብለህ ተመልከት ይሉታል። አንዱ ጋ እንደ ጆንያ ተሸክመው ያወጡታል፤ ፎቶ የሚያነሳውም አይጠፋም። አንዱ ጋ ለልጆች የሚሆነውን ባቡር ያሳዩታል። ተመልሰን ስንመጣ ያለቅሳል ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሱ የሚቀጥለውን ይነግረኛል።»

«ምን ፈልጎ ነው?»

«ትልቁን መንኮራኩር። ‹እዚያ ላይ እኮ ሁሉም ሰው ተቀማጭ ነው፤ ማንም ቁልቁል አያየኝም› ይለኝ ነበር።»

ማለደ ቀና ብሎ አየ። ከፓርኩ መሃል፣ የሰው መቀመጫዎች ዙሪያውን የተንጠለጠሉበት ትልቁ መንኮራኩር ከዛፎቹ በላይ ቆሟል፤ አይዞርም።

ሁለተኛዋ የተጠየቀችው ሃዳስ ነበረች፤ የአካል ጉዳተኞችን ማኅበር ለሽርሽር ይዛ የመጣችው አስተባባሪ። ዓይኗ አብጧል።

«ሙቀቱ ሲበረታ ሁላቸውንም ወደ ጥላው ሰበሰብኩ» አለች። «ክንዴ ጎድሏል። ልፈልገው ስነሳ የፓርኩ ኪዮስክ ሻጭ መጣችና ‹ክንዴን ወንድሙ ወስዶታል ብለው በሬዲዮ ነገሩኝ› አለችኝ። ስሙ አልያዝ ብሏት ‹ኪንዴ፣ ካንዴ› እያለች፤ ሬዲዮው እየተንሻሻ የማን ድምፅ እንደሆነ እንኳ አልለየችም። ጠዋት ተጣልተው ስለነበር ወንድሙ ሊክሰው ቀደም ብሎ መጣ ብዬ ደስ አለኝ።»

«ሬዲዮው እነማን ጋ ነው ያለው?»

«ሻጯ ጋ፣ አቪ ጋ፣ መንኮራኩሩን የሚያዞረው ይጋል ጋ።»

«ክንዴ ውሃ ይዞ ነበር?»

«መርጫ ጠርሙሱን መቼም አይለይም። ሰውነቱ ስለማያልበው በየጊዜው ፊቱንና ደረቱን ይረጫል። ያለዚያ ሙቀት ይገድለዋል።» ካለች በኋላ የተናገረችው ለራሷ ገብቷት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጠርሙሱ ከወንበሩም ከኩሬውም አልተገኘም።

የአቪ ቃል አጭር ነበር። ቀትር ላይ ምሳውን ሊበላ ዖሜር ወደሚገኘው ቤቱ ሄዶ ነበር። ሲመለስ መንኮራኩሩ ቆሟል፤ ይጋል ሞተሩ ስለጋለ ዘግቼዋለሁ አለው፤ በዚህ ሙቀት ማን ይሳፈራል ብሎ ተወው። ባለ ወንበሮችን መንኮራኩሩ ላይ ማውጣት በእሱ ትእዛዝ የተከለከለ ነው። «አንድ ሠራተኛ ቢያወጣ በዚያው ቀን አባርረዋለሁ፤ ሁሉም ያውቁታል» አለ፤ ይህን ሲል ኮራ ብሎ ነበር።

ይጋል ግን ሌላ ሰው ነው። ጸጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ለማለደ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ የመጣ። መሬቱ ኮረኮንች ሲሆን «ልግፋህ?» ብሎ ጠየቀና፣ ማለደ ራሱን ሲነቀንቅ እጁን ሰበሰበ። በዚያ ቀን ሳይጠይቅ ወንበሩን ያልነካበት እሱ ብቻ ነበር።

«ክንዴ ወዳጄ ነበር» አለ፤ ስሙን እንደ ባለቤቱ አጥርቶ። «ሁልጊዜ ከታች ቆሞ ያየኝ ነበር። ዛሬ ግን መንኮራኩሩ ከጠዋት ጀምሮ ተበላሽቷል። ማንም አልወጣበትም።»

«ቁልፉ የት ነው?»

ይጋል በአንገቱ ያንጠለጠለውን ቁልፍ በመዳፉ ሸፈነ። «ሌላ ቁልፍ የለም። ይሄ ብቻ ነው።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ማለደ ሁሉንም ከመንኮራኩሩ ሥር ሰበሰባቸው። ሰማይ ቆሟል፤ ሃዳስ አጠገቡ። አቪ ሰዓቱን ያያል። ይጋል መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ተደግፏል። ማለደ ቁልፉን ተቀብሎ ለኑሪት ሰጣት።

«አዙሪው» አላት።

«ተበላሽቷል ብያችሁ የለ» አለ ይጋል ቀስ ብሎ።

ኑሪት ቁልፉን አስገብታ ማንሻውን ጫነች። መንኮራኩሩ አቃሰተና መዞር ጀመረ። ወንበሮቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ እያስቆመች ፈተሸቻቸው። ከአንዱ መቀመጫ ሥር፣ ከብረቱና ከወለሉ መሃል ተሰክቶ፣ የውሃ መርጫ ጠርሙስ አወጣች። ባዶ ነበር። ሰማይ ሲያየው ድምፅ ሳያወጣ አለቀሰ።

«የክንዴ ነው?» አለው ማለደ።

«የሱ ነው።»

«እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ» አለ ማለደ። ድምፁ የዛለ ነበር። «በነሐሴ ፀሐይ የወንበር ጎማ እጅ ይልጣል። እንኳን ተዳፋት፣ ሜዳ ላይም ያለ ጓንት አይነካም። ክንዴ ጓንቱን አውልቆ አጣጥፎ ኪሱ ከቶታል። ይህን የሚያደርገው ወንበሩን ትቶ ሌላ መቀመጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ስለዚህ በተዳፋቱ በራሱ አልወረደም።»

«ታዲያ ገፍተው ከተቱት?» አለች ሃዳስ።

«ወደ ኩሬው ሲሄድ ሞቶ ነበር። ጭኑን አይቻለሁ። አንድ ቀጥ ያለ ቃጠሎ ሁለቱንም ጭኖቹን አቋርጧል። ተሽከርካሪ ወንበር እንዲህ ያለ ብረት የለውም። ያኛው ግን አለው።» ጠርሙሱ የተገኘበትን መቀመጫ፣ በጭን ላይ የሚዘጋውን የደህንነት ብረት አመለከተ። «ብረቱ ፀሐይ ላይ ጋለ። ክንዴ እግሩ ስለማይሰማው እየተቃጠለ አላወቀም። ሐኪሙ ቴርሞሜትሩን ጠረጠረ፤ ቴርሞሜትሩ ግን ልክ ነበር። ክንዴን የገደለው ውሃ ሳይሆን ሙቀት ነው። መንኮራኩሩ ላይኛው ጫፍ ላይ ሳለ ቆመ፤ የጠርሙሱ ውሃ አለቀ፤ ድምፁ የሰለለ ስለሆነ ጩኸቱ ጥላው ሥር ያሉት ጋ አልደረሰም።»

አቪ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ምንም አላውቅም! ዖሜር ነበርኩ!»

«ታገስ። ከወረደ በኋላ አንድ ሰው የታጠፈውን ወንበሩን ዘርግቶ፣ ትራሱን አስቀምጦ፣ ሬሳውን ጭኖ፣ ተንሸራቶ የገባ እንዲመስል ወስዶ ኩሬው ውስጥ ጣለው። ትራሱን ግን የኋላውን ወደ ፊት አዙሮ ነው ያስቀመጠው። ሰማይና ሃዳስ ይህን ወንበር ስንት ጊዜ አጥፈው ዘርግተውታል፤ እንዲህ አይሳሳቱም። ክንዴን ማንሳት እንጂ ወንበሩን መዘርጋት ያልለመደ ሰው ነው። ቀሪዎቹ ሁለት ናችሁ።»

ማለደ ወንበሩን ወደ አቪ አዞረ።

«አቪ፣ አንተን ጠልቼሃለሁ፤ አልደብቅህም። ሰውየው በየሳምንቱ ደጅህ ሲቆም ስሙን እንኳ አልጠየቅህም። ዛሬ ነጻ ያወጣህ ግን ይኸው ነው። በሬዲዮ የተላለፈው መልእክት ‹ክንዴን ወንድሙ ወስዶታል› የሚል ነበር። አንተ ብትሆን ‹ያ ባለ ወንበሩ› ትል ነበር። ሬዲዮ ይዞ፣ ቁልፍ ይዞ፣ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ይጋል ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ጋር እየተንሸራተተ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አቪ ለምሳ ሲወጣ አወጣሁት» አለ። «ስንት ጊዜ ነው የለመነኝ። ተሸክሜ አስቀመጥኩት። ሲወጣ እየሳቀ ነበር። ከዚያ ሞተሩ ግሎ ቆመ። ልጠግነው ሞከርኩ። እሳት አደጋን ልጥራ ስል… ከሥራ እባረራለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ትንሽ ልሞክር፣ ትንሽ ልሞክር እያልኩ… ሞተሩ ተነስቶ ሳወርደው ሞቶ ነበር።»

«ሃዳስ እንዳትፈልገው በሬዲዮ ዋሸህ» አለ ማለደ።

«ዋሸሁ።»

«ከላይ ምንም አላለህም?» ብሎ ጠየቀ ሰማይ፤ በዕብራይስጥ፣ ቃላቱን እየለቀመ።

ይጋል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «መጀመሪያ ላይ ‹አይዞህ፣ አትቸኩል፣ እዚህ ጥሩ ነው› አለኝ። በኋላ እጁን አወዛወዘ። እኔም እጄን አወዛወዝኩለት። ሰላም የሚለኝ መሰለኝ። ወይም እንዲመስለኝ ፈለግሁ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብዬ አላየሁም።»

ሰማይ ሊመታው አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። ለዚያም አቅም አጥቶ ነበር። ኑሪት ይጋልን አንስታ ወሰደችው። አቪ ደግሞ ፓርኩ ነገ መከፈት ይችል እንደሆነ ጠየቀ።

ለክንዴ እናት መንገር ገና ይቀር ነበር። ሰማይ አልችልም አለ። ማለደ አብሮት ወደ ሽኩና ቤት ሄደ። የሕንጻው ደረጃ ግርጌ ሲደርሱ ግን ወንበሩ ቆመ። ሰማይ በጀርባዬ ልዘልህ እንዳይለው ፈርቶ ማለደ ቀድሞ ተናገረ።

«ውጣና ማለደ የሚባል የፖሊስ ሰው ከታች ይጠብቅሻል በላት።»

እማማ ዘቢደር የደረጃውን ብረት ይዘው፣ በየፎቁ እያረፉ ወረዱ። ከልጃቸው ፊት ነገሩን አንብበውታል። ማለደን ከነወንበሩ ሲያዩ ቆም አሉ፤ ከዚያም ፊት ለፊቱ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ዓይኖቻቸው እኩል ሆኑ።

ማለደ ሁሉንም ነገራቸው፤ ሳይቀንስ። እማማ ዘቢደር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስኪጨርስ ሰሙት።

«ልጄ፣ ውሃ ጠምቶት ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

ማለደ መንገዱን ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ውሸት ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። አሁን ሲያያቸው ግን ውሸቱ ከአፉ አልወጣም።

«አዎ እማማ። ጠምቶት ነበር።»

እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ዘርግተው የማለደን ጉልበት፣ ምንም የማይሰማውን ጉልበቱን፣ ቀስ አድርገው ዳሰሱት።

«ካንተ በቀር እንዲህ የሚነግረኝ አይኖርም ነበር» አሉ። ከዚያም ሰማይን ጠርተው ለማለደ ከላይ ውሃ እንዲያመጣ ላኩት።