ጨማቂው ያስቀረው

እቴቴ በላይነሽ ጨረቃ ከወጡ ወዲህ ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል። እዚያ ክብደት ስለሚቀል፣ ምድር ላይ በከዘራ ሲጎተት የነበረ ሽማግሌ ሁሉ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ይዘለዋል። ስለዚህ ሰው ሲያረጅ ልጆቹ ሻንጣውን ያዘጋጁለታል፤ ታብሌት ገዝተው ያስተካክሉለታል፤ መንኮራኩር ጣቢያው ድረስ ይሸኙታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታብሌቱ ያውቃል።

ይልቃልም ያደረገው ይህንኑ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደጉት አክስቱ እቴቴ ናቸው። በሽኝቱ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ታብሌቱን አዘጋጀላቸው። ለደከመ ዓይናቸው ፊደሉን አጎላ። የቤተሰቡን ፎቶ ደረደረና ፎቶውን ነክተው ሲናገሩ መልእክቱ ወደዚያ ሰው እንዲሄድ አደረገ። በመጨረሻ ታብሌቱ «ጨማቂው ይብራ?» ብሎ ጠየቀው። ጨማቂ ማለት ሰው የተናገረውን አጥልሎ ፍሬ ነገሩን ብቻ የሚልክ ፕሮግራም ነው፤ የጨረቃው መስመር ጠባብ ስለሆነ ያልተጨመቀ መልእክት ወረፋ ይጠብቃል። እቴቴ ደግሞ ወሬ ያበዛሉ። ይልቃል ፈገግ አለና «ይብራ» የሚለውን ነካ።

ከሄዱ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ፤ ይልቃል መልእክት ቢልክም መልስ አልመጣለትም። መጀመሪያ አካባቢ ይልቃል ተጨንቆ ነበር። ነገር ግን እጃቸው ላይ ያለው አምባር የልብ ትርታቸውን እየለካ ማለዳ ማለዳ «ደህና ናቸው» ይለዋል። ደህና ከሆኑ ተመችቷቸው ነው ዝም ያሉት ብሎ ተጽናና። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚባለውን በእሳቸው ላይ ለጠፈው።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ከአረጋውያኑ መንደር ማስታወቂያ መጣለት፤ እቴቴ ወደ ጨረቃ ጀርባ ለመዛወር ተመዝግበዋል። የጨረቃ ጀርባ ምድር የማትታይበት፣ መስመርም የማይደርስበት ወገን ነው። ወደዚያ የሚሄዱት ጠያቂ ያጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ምድርን በመስኮት እያዩ ከመብሰልሰል ጭራሽ አለማየቱ የተሻላቸው። ይልቃል ደነገጠ። ፈቃድ ጠይቆ ባገኘው መንኮራኩር ተሳፈረ።

የደረሰው በመዛወሪያው ቀን ነው። እቴቴ ሻንጣቸውን ዘግተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ሲራመዱ እየተነሣ ቢያስቸግራቸው ጫፉ ላይ ብሎን ሰፍተውበታል። ሲያዩት ብድግ አሉ፤ እንደ ነገሩ ጉንጩን ሳም ሳም አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ማን ሞተ?» አሉት።

«ማንም አልሞተም፣ እቴቴ። አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት» አለና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«እኔንማ በታብሌት ስታዘኝ ኖረሃል። ምን ቀረህ?»

«አንድ ቀን እንኳ ሳትመልሺልኝ!»

«እኔ ነኝ ያልመለስኩት?» አሉ እቴቴ። «በየማለዳው ስጠራችሁ አልነበር እንዴ? የእግዜር ሰላምታ እንኳ ነፈጋችሁኝ። እሱ እኮ ለጠላትም አይነፈግም!»

ታብሌቱን ከሻንጣው አውጥተው ወረወሩለት። የጨረቃ ውርወራ ነውና ጭኑ ላይ እስኪያርፍ ጊዜ ወሰደ።

ይልቃል የእሳቸውን መልእክቶች ከፈተ። ድምፃቸው ሁሉም አለ። አንዱን ነካው።

«ይልቄ፣ እንዴት አደርክ? ደህና ነህ ወይ? ሚስትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ጎረቤቶቹ ደህና ናቸው? ዘበኛው ደህና ነው? ሞት ይርሳኝ፣ ውሻውስ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ዋሉልኝ።»

እቴቴ የላኩትን መልሰው ከፍተው አያውቁም፤ ከሥሩ ግን ጨማቂው ጽፎበታል፤ «ፍሬ ነገር አልተገኘም። አልተላከም።»

ቀጣዩን ነካ። ያው ነው። የቀጠለውም ያው። እቴቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ሰላም ሲሉ ኖረዋል፤ ማሽኑ ጨምቆ ጨምቆ ጠብታ አላገኘበትም። ይልቃል ታብሌቱን ወደ እሳቸው አዞረው።

«እቴቴ፣ ይሄ ነው ጉዱ። ሰላምታሽን ገለባ ብሎ ሲጥለው ኖሯል። የእኔንም እንደዚሁ ነው ያደረገው!»

የደረሳቸውን የመጀመሪያ መልእክት አሳያቸው፤ «ምርመራ መስከረም ነው። መድኃኒት ውሰጂ።»

«ይኸው፣ እንደ ሻለቃ!» አሉ እቴቴ።

«እንደሱ አላልኩም። ሙሉውን ስሚው።»

ጨማቂውን አጠፋና በወረፋ ቆይቶ የገባውን፣ ጨማቂው ሸፍኖት የኖረውን ያልተነካ ድምፅ ከፈተላቸው። እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ፣ ቤቱ ያላንቺ ጭር አለብን፣ ልጆቹ በራፍ በራፉን ያያሉ ይላል። እቴቴ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው አዳመጡ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ፣ ሰውየው ፊታቸው ተቀምጦ እያለ፣ ለታብሌቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያሉ መለሱ። ፊታቸው በራ።

«የሰሞኑንም አሰማኛ» አሉ።

ይልቃል በደስታ ነካው። ድምፅ የለውም። መናገሩን ትቶ መጻፍ ከጀመረ ቆይቷል። ጽሑፉ ብቻ ወጣ፤ «የዓይን ምርመራሽን እንዳትረሺ።» ከሥሩም «የተቀነሰ ነገር የለም» ይላል።

ወደ ኋላ ገፋ አደረገው። የተቀነሰ ነገር የለም። አሁንም ገፋ አደረገው። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ወዲህ ጨማቂው የሚጨምቀው አጥቶ ሥራ ፈትቷል። ይልቃል ታብሌቱን ወደ ራሱ ሊያዞር ፈለገ፤ ግን ፊደሉን ያጎላው ራሱ ነው። እቴቴ ያለ መነጽር አንብበዋል።

ባይቆጡት ባሰበት።

ኮሪደሩ ላይ የመንደሩ ሠራተኛ ድምፅ ተሰማ። «እማማ በላይነሽ፣ መኪናው ሊነሣ ነው። ዝግጁ ነዎት?»

እቴቴ ሻንጣቸውን ያዙ፤ ግን አልተነሡም። ይልቃልን ያዩታል። ማሽኑ ነው እንዳይል ማሽኑ ራሱን ነፃ አውጥቷል። ታብሌቱን አልጋው ላይ ደፋው። ተነሥቶ በሩ ድረስ ሄደና አሁን እንደሚገባ ሰው ዞሮ ጎንበስ አለ።

«እንዴት ከረምሽ፣ እቴቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ በቀስታ።

«ጉልበትሽ ደህና ነው? እንቅልፍሽስ? ምግቡ ተስማማሽ? ጎረቤቶችሽ ደህና ናቸው?»

«ምን ጎረቤት አለኝ። ሁሉም ታብሌት አላቸው።»

ይልቃል ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሠራተኛው ደግሞ ተጣራ። እቴቴ ሻንጣቸውን በእግራቸው ወደ አልጋው ሥር ገፉና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ዛሬ አልሄድም። እንግዳ አለብኝ።»

ይልቃል አጠገባቸው ተቀመጠና እጃቸውን ያዘ። እቴቴ እጃቸውን አልነጠቁትም፤ ዓይናቸው ግን መስኮቱ ላይ ነው፣ ምድር ላይ።

«ዛሬን ብቻ ነው ያልኩት» አሉት። «ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቃለህ።»