የበረኛው ደረቅ ጓንት

ዕድሜውን በታችኛው ሊግ የፈጀው በረኛ ኤዚዮ ፋንቲን ጎሉ አፍ ላይ ተዘርሮ ተገኘ። ጓንቱን አጥልቋል፤ እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው፤ ማሊያው ጭቃ ነው፤ ማጅራቱ ተፈንክቷል። ታላቋ ክለብ ሚላን ጠርታው አታውቅም፤ እሱም ጥሪዋን መጠበቅ ከተወ ቆይቷል።

ኢንስፔክተር ኖርማ ቤልትራሜ ስትደርስ ገዳዩ ተገኝቷል ተባለች። ተጠባባቂው በረኛ ኢቫን ቱሮላ በካቴና ታስሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ትናንት በቡድኑ ሁሉ ፊት ከኤዚዮ ጋር ተናንቆ ነበር። እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ መልስ ኖርማን ሁልጊዜ ያናድዳታል።

«እኔ አይደለሁም! ዛሬ ሜዳውን አልረገጥኩም!» አለ ኢቫን።

የቡድኑ ሐኪም ዶክተር ሬናቶ ቦስኪ አንገቱን ደፋ። «ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጠዋት ከሕክምና ክፍሌ መስኮት አይቻቸዋለሁ። ኢቫን ይመታል፣ ኤዚዮ ይይዛል። ኋላ ስወጣ ኤዚዮ ወድቋል፣ ልጁ የለም።»

«ብዙ ኳስ ያዘ?» አለች ኖርማ።

«ኧረ እንደ ጎረምሳ ነበር የሚወረወረው!»

ኖርማ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አፈሩን አለስልሶታል፤ ከጎሉ ፊት ያለው መሬት ግን ጭረት እንኳ የለበትም። ቀኝ ጓንቱን ቀስ ብላ አወለቀችው። የጓንቱ መዳፍ ደረቅ ነው። ከውስጡ የወጣው ነጭ ዱቄት ጣቶቿ ላይ ቀረ፤ ስታሸተው የታጠበ ሕፃን ይሸታል።

«ሰሞኑን እንዴት ነበር?» ስትል አሰልጣኙን ጉአልቲዬሮ ሞሪን ጠየቀችው።

«ባለፈው ወር ከግቡ ብረት ጋር በጭንቅላቱ ተላተመ። ዶክተሩ ደህና ነው ብሎ ፈረመ፣ እኔም አሰለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ሕፃን የማያሳልፈውን ኳስ ያሳልፋል።»

ኖርማ ወደ ሚስቱ ደወለች። ሚስትየው እያለቀሰች፣ «ኳሷ ሁለት ትሆንብኛለች ይል ነበር። ዛሬ ለዶክተሩ ነግሮት ሆስፒታል ሊሄድ ነው የወጣው» አለቻት።

ኖርማ ሁሉንም መልበሻ ክፍል ሰበሰበች። የኢቫንን ካቴና አስፈትታ የራሱን ጓንት ሰጠችው።

«እስቲ አጥልቀው።»

ልጁ ግራ እየተጋባ ወደ ቧንቧው ሄደ።

«ወዴት ነው?»

«ውሃ ላስነካው ነዋ! ደረቁን ኳስ ያሙለጨልጫል።»

«ጎሉ ውስጥ ስትገባስ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«መሃሉን እንዳልስት በተረከዜ መስመር አሰምራለሁ። ኤዚዮ ነው ያስተማረኝ።»

ኖርማ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ኤዚዮ ሲወረወር ነበር ተባልኩ። ጓንቱን ግን ውሃ አልነካውም፤ መሬቱም ላይ መስመር የለም። ስለዚህ ዛሬ በሕይወት ሳለ እዚያ አልቆመም። ሞቶ ነው የተወሰደው፤ ማሊያውን አልብሶ ጭቃ የቀባውም፣ ጓንቱን ያጠለቀለትም ሌላ ሰው ነው። ኢቫን ቢሆን ከልማዱ የተነሳ ያረጥበው ነበር፤ አሰልጣኙም እንደዚያው። ይህ ሰው ግን ጓንት እንዲገባለት እጅ ላይ ዱቄት ነስንሷል። ይህ የበረኛ ልማድ አይደለም፤ የቀዶ ጥገና ክፍል ልማድ ነው። ያልነበረውን ልምምድ አየሁ ያሉኝም እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።»

የዶክተሩ ፊት አመድ መሰለ።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም! የመመርመሪያ አልጋዬ ብረት ነው የመታው... ሆስፒታል ገብቶ ያቺ ፊርማ ብትታይ የሕክምና ፈቃዴን ይነጥቁኝ ነበር።»

«ልጁንስ? ዕድሜ ልኩን እስር ቤት ሊያስበሰብሱት ነበር?»

ፖሊሶቹ ዶክተሩን ይዘው ወጡ።

አሰልጣኙ ኢቫንን ትከሻውን ያዘው። «እንግዲህ እሁድ አንተ ነህ።»

«ይህንን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝቼው ነበር» አለ ኢቫን፤ እንባው መጣ። «እንዲህ ሆኖ ግን አልፈለግኩትም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ትገባልኛለህ?»

«እገባለሁ። በፊት ግን ሌላ ሐኪም ጭንቅላቴን ይይልኝ። በበጋ ስመታ ደህና ነህ ብሎ የፈረመልኝም ያው ዶክተር ነው።»