ጥሬ ኖራ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን ሰዓቱን እንኳ አልረሳሁም።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1961፣ ፕሮቪደንስ ከተማ፣ እኛ ጣሊያኖች በምንኖርበት ሰፈር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። እንደ ወትሮዬ የትናንቱን ዳቦ በወተት ነክሬ በላሁ። ጥቁር ሻሼን አሰርኩ። ከቅዳሴ በፊት ወለሉን ልጠርግ ወደ ሳን ሮኮ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

የምጠርገው ከግድግዳው የሚረግፈውን ነጭ ፍርፋሪ ነው። የመጨረሻውን እራት እዚያ ላይ የሣለው ባለቤቴ ኦራዚዮ ነው። ከሐዋርያቱ ጀርባ ዳቦ ተሸክሞ የቆመው ሰው ደግሞ ራሱ ነው። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ዘበኛው ጄናሮ በር ላይ ቆሞ ቀለደ።

«እትዬ ኢርማ፣ ባለቤትዎ ዛሬም ልብሳቸውን አራገፉ እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ ፍርፋሪውን በእጄ አፈስኩት...

ትኩስ ነበር።

ጣልኩት። ጄናሮ አንዱን አንስቶ በጣቶቹ አሸው። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ።

«ይሄማ ጥሬ ኖራ ነው። ሃያ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ፤ እኔን አያታልለኝም። ግን ይህን ያህል ጊዜ ግድግዳ ላይ ከርሞ እንዴት ይሞቃል?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኖራውን ማነው ያቀረበላቸው?»

እንዲህ ያለ ሥዕል የሚሣለው ልስኑ ሳይደርቅ ነው። ኖራው አስቀድሞ ሁለት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ለብሶ መተኛት አለበት። ሳይበስል ከተለሰነ ውሎ አድሮ ያብጣል፤ ቀለሙን ፈንቅሎ ይወጣል።

ጉድጓዱን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። የበሰለው ሲያልቅ የሦስት ወሩን ቀላቀልኩበት። ሥዕሉ ለፋሲካ እንዲደርስ ብዬ።

«የቆየው ነው?» አለኝ ኦራዚዮ።

«አዎ» አልኩት።

ፊቶቹ መፈንዳት ሲጀምሩ ሰፈሩ «የሽማግሌ እጅ» እያለ ሳቀበት። እሱም አመነ። ማታ ማታ እጁን እያየ «ምን ነካህ?» ይለው ነበር። አንድ ቀን ሊጠግን ወጣ... ከመወጣጫው ወድቆ ሞተ።

ያኔም ዝም አልኩ።

አሁን ጄናሮ መልስ እየጠበቀ ነው።

«ራሱ ኦራዚዮ» አልኩ።

ጠቅ...

ከላይ አንድ ነገር ወደቀ። ቀና አልን። ከዳቦ ተሸካሚው ፊት ላይ ከንፈሩ የለም። በቦታው ጥቁር ቀዳዳ ተከፍቷል። ያን ጊዜ ከሌላ ፊት ምንም አልወደቀም።

ከቀዳዳው ነጭ ውሃ በአገጩ ወረደ።

«ጄናሮ... አየኸው?»

«ዝም ይበሉ!» በሹክሹክታ። «ይስሙ...»

ሰማሁ። እርጥብ ኖራ ሲፈላ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ግን እንደ ትንፋሽ፣ አንዴ ወደ ውስጥ... አንዴ ወደ ውጭ...

አባ ሰቬሪኖ የቅዳሴ ልብሱን እያስተካከለ ከጓዳ ወጣ።

«ምን አፍጥጣችሁ ቀራችሁ? ተዉት፤ ነገ ሠራተኞች ይፍቁታል። ኦራዚዮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጨረሻ ላይ እጁ ከድቶት ነበር።»

«አባ፣ እጁ አልከዳውም።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ኖራውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ጥሬ መሆኑን አውቅ ነበር። እሱን ዋሸሁት። አሁን ደግሞ ጄናሮን ዋሸሁት።»

የኖራው ድምፅ ቆመ።

ጄናሮ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። አባ ሰቬሪኖ የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ከራሴ በላይ ነበር የሚያየው።

ዞርኩ።

ከሐዋርያቱ ጀርባ ያለው ጥግ ነጭ ነበር። ስንጥቅ የለው፣ ቀዳዳ የለው፤ ልስልስ ያለ ልስን። ወለሉ ላይ አዲስ ፍርፋሪ አልነበረም። ጄናሮ የሻማ ማብሪያውን ረጅም ዘንግ አንስቶ ጫፉን አስነካው። ጫፉ ነጭ ሆኖ ተመለሰ።

«እርጥብ ነው» አለ።

ግድግዳው አልተፋቀም። ዛሬም ገበታው አለ። አሥራ ሁለቱም ሐዋርያት አሉ።

ኦራዚዮ የለም።