የመሐላው ድንጋይ

ዲሪርሳ በሕይወቱ ስለ ድርቆሽ ጥራት ካልሆነ በቀር ዋሽቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ምን እንደነካው እንጃ።

ሱሉልታ ላይ፣ ከጎጃም መንገድ ዳር ድርቆሹን እየከመረ ነበር። አንዲት ቀጭን ልጅ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። ያኔት ትባላለች፤ የቡራዩ ልጅ ናት፤ በአካባቢው ያሉ የታሪክ ቦታዎችን እንድትመዘግብ በቅርቡ የተቀጠረች። ከክምሩ አጠገብ የቆመውን ትልቅ ድንጋይ አየችው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ድንጋይ ታሪክ አለው?»

ታሪክስ ነበረው። መንገዱ ሲሰፋ ሎደር ከመሬት ፈንቅሎ ያወጣው ነው። መኪና ድርቆሹ ላይ እንዳይወጣበት ብሎ ኦፕሬተሩን ለምኖ እዚያ ያስቆመው ራሱ ዲሪርሳ ነበር። ይህንኑ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ትልልቅ፣ ትንሽ የደከማቸው ዓይኖች ነበሯት። «የለውም» ቢላት አመስግና እንደምትሄድ ገባው።

«አባቶች የሚማማሉበት ነው» አላት። «እዚህ ላይ እጁን ጭኖ የዋሸ ሰው ዓመት አይከርምም ይባላል።»

ያኔት እዚያው ድርቆሹ ላይ ቁጭ ብላ ትጠይቀው ጀመር።

ደግነቱ፣ ወይም ክፋቱ፣ ሥራዋን አክባሪ ናት፤ ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ሰምታ አትጽፍም። በሳምንቱ ዲሪርሳን አስከትላ ወደ አጎቱ፣ ወደ ኦቦ ኢቲቻ ሄደች። ኦቦ ኢቲቻ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ልጅ ለትዳር የሚጠይቁ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ጥያቄዋን ሰምተው የወንድማቸውን ልጅ ፊት አዩ፤ ቀጥለው የእሷን አዩ።

«ኤዬ» አሉ በአዎንታ። «የቆየ ነው። በጣም የቆየ።»

ሰውየው የመሰከሩት ለድንጋዩ ሳይሆን ለትዳሩ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያኔት ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ጀመር። አንድ ጊዜ ፎቶው ደብዝዟል ትላለች፤ ሌላ ጊዜ ልኬቱ ጠፋብኝ። ከመንገዱ ማዶ ትኩስ ወተት ይጠጣሉ፤ ሯጮች በፊታቸው ያልፋሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ደስ ይል ነበር። ዲሪርሳ ግን እውነቱን ሊነግራት በተነሳ ቁጥር ወተቱ ይበርዳል፣ ታክሲው ይመጣል፣ ቅዳሜው ያልቃል።

ድንጋዩ ደግሞ ስም አወጣ። የብረት ሰሌዳ ተተከለለት። የታክሲ ረዳቶች «መሐላው ጋ ወራጅ አለ?» ማለት ጀመሩ። በድንበር ተጣልተው የኖሩ ሁለት ወንድማማቾች መጥተው እጃቸውን ጭነውበት ታረቁ። ዲሪርሳ ከክምሩ ጀርባ ሆኖ ሲያያቸው ፊቱ በእፍረት ጋለ።

እትዬ አጸደ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። አጸደ ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት፤ ከድንጋዩ ጀርባ በላቧ የሠራቻት ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለቻት።

«ዲሪርሳ ወንድሜ፣ ቦታው ለቅርስ ሊታጠር ነው፤ ቤትሽን አንሺ ተባልኩ» አለችው። «ታሪኩን የሚያውቀው እሱ ነው አሉኝ። የድንጋዩ ክብር እስከየት ድረስ ነው? እስቲ ትንሽ ጠበብ አድርገህ ንገርልኝ።»

«እነግርልሻለሁ» አለ እንደምንም።

«ጌታ ይባርክህ» ብላው ሄደች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በማግሥቱ፣ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር እንዳይፈርስባት ብላ የአንዱን ክፍል ጣሪያ መንቀል ጀመረች። የመዶሻው ድምፅ ዲሪርሳ ክምሩ ጋ ሆኖ ይሰማዋል።

ቅዳሜ ያኔት መጣች። በዚያ ሰሞን ኦቦ ኢቲቻ ቡራዩ ወርደው አባቷን አቶ ኪዳነወልድን እሷን ለዲሪርሳ እንዲሰጡ ሊጠይቁ ታስቦ ነበር። የዲሪርሳን እጅ ይዛ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው።

«ሽማግሌ ከመላክህ በፊት እዚህ ማልልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«አልዋሽሽም በለኝ። ከዚያ እኔም የምነግርህ አለኝ።»

እጁን አነሳ። ሎደሩን፣ ድርቆሹን፣ አጎቱን፣ የአጸደን ጣሪያ፣ ሁሉንም ነገራት።

«እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው» አለ። «አሁን ብትሄጂም አልፈርድብሽም።»

ያኔት በድንጋዩ ጎን ላይ ጎን ለጎን የወረዱትን ጭረቶች በጣቷ ዳበሰች።

«የሎደር ጥርስ መሆኑን አውቄ ነበር።»

«መቼ?»

«በሁለተኛው ቅዳሜ። ይህን ብጽፍ ወደዚህ የምመጣበት ምክንያት አይኖረኝም። አንተ የአጎትህን ወሬ አምነህ የነገርከኝ ይመስለኝ ስለነበር፣ ውሸታሟ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ስጨነቅ ነው የከረምኩት።» እንባዋ ወረደ። «ዲሪ፣ እኛ ወተት ስንጠጣ ሰው ቤቷ ላይ ወጥታ ቆርቆሮ ትነቅላለች።»

ሰኞ ሁለቱም ያኔት የምትሠራበት ቢሮ ቀርበው ተናገሩ። ኃላፊው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ። ሰሌዳው ተነቀለ፤ አጥሩም ቀረ። ያኔት ከምዝገባው ሥራ ተነስታ ሰበታ ያለ የዕቃ ግምጃ ቤት እንድትጠብቅ ተመደበች።

ከቢሮ በቀጥታ ወደ አጸደ ሄዱ። መሰላል ላይ እንዳለች ነገሯት። መዶሻዋን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ከድንጋይ ጋር የምታገል መስሎኝ ነበር» አለች። «ለካ ከእናንተ ጋር ኖሯል።»

ወረደችና መዶሻውን ለዲሪርሳ ሰጠችው። እሱ ቆርቆሮውን መለሰ፤ ያኔት ሚስማር አቀበለችው።

የሽምግልናው ነገር ሲነሳ ኦቦ ኢቲቻ «በየትኛው አፌ?» ብለው እምቢ አሉ። ስለ ድንጋዩ በውሸት መመስከራቸውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለች አጸደ።

ሴት ለሽምግልና ስትሄድ በሰፈሩ አልተለመደም። ሆኖም እሑድ ቡራዩ ሄዱ። ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ጥያቄው እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ ሁለቱም ሳሎኑ መሃል ቆሙ። ዲሪርሳ ደንቡ ባይፈቅድለትም ከመስኮቱ ሥር ተለጥፎ ያዳምጣል።

«ልጁን ምን ያህል ያውቁታል?» አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

«በውሸቱ ቤቴን ሊያስፈርሰው ነበር» አለች አጸደ። ኦቦ ኢቲቻን ሳል ያዛቸው። «ከዚያ ማንም ሳይደርስበት ራሱ መጥቶ ነገረኝ። ጣሪያዬን መልሶ መታልኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ብለውም እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አያየኝም።»

«ታዲያ ልጄን ለእንዲህ ያለ ሰው ልስጥ ነው የሚሉኝ?»

«ልጅዎም ከእሱ አትሻልም» አለች አጸደ። «በውሸቱም አብራው ነበረች፤ ሚስማሩንም ያቀበለችው እሷ ናት።»

ዲሪርሳ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ኪዳነወልድ በመጨረሻ፣ «ቁጭ በሉ።»

ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ዲሪርሳ ቀና ብሎ በመስኮቱ አየ። መጀመሪያ የተቀመጠችው አጸደ ነበረች።