የጣሪያው ጤና አዳም

ሁለተኛው ቡጢ እዝራን አፍንጫው ላይ ሲያገኘው ናኦሚ መንገድ ማዶ ሆና ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ነጭ ሸሚዙ በደም ተበላሽቷል።

«ምንድን ነው የደፋህባት? አሲድ ነው አይደል? ተናገር!» ሊባን የእዝራን ኮሌታ አንቆ ከቆርቆሮ አጥሩ ጋር አላተመው። ሊባን የሶሬቲ ታላቅ ወንድም ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ። ሁለት ጓደኞቹንም ይዞ ነው ኢምፔሪያል ታክሲ መያዣው ጋ እዝራን የጠበቀው።

«ውሃ ነው! እናቴ ትሙት፣ ውሃ ነው!»

«ውሃ ነው እንዴ ቆዳ የሚልጠው? ታሾፍብኛለህ!» ጉልበቱን ሆዱ ላይ አሳረፈበት። እዝራ ለሁለት ታጠፈ።

አርብ ዕለት ላብራቶሪ ውስጥ እዝራ የያዘው ብርጭቆ አምልጦት የሶሬቲን ክንድ አርሶት ነበር። እሑድ ጠዋት ክንዷ ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ ተነሳች። በቃ፣ ዛሬ ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሁሉ «እዝራ አሲድ ደፋባት» ይላል። ርዕሰ መምህሩም ወላጅ ካላመጣህ እንዳትገባ ብለውታል። ሶሬቲ ራሷ አምናለች። ምን ታድርግ? የጓደኛዋ የናኦሚ እጅ ትዝ አላላትም።

ከላብራቶሪ ቀጥሎ ስፖርት ነበር። ሶሬቲ ቁንጫ የነከሳትን ክንዷን ስትፎክት ናኦሚ ከቦርሳዋ ጤና አዳም አወጣች። እናቷ እሷንም ከልጅነቷ ጀምሮ በጤና አዳም ነው የሚያሿት፤ አንድ ቀን እንኳ ምንም ሆና አታውቅም። ግን የእናቷ ጤና አዳም ግቢው ውስጥ፣ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ያደገ ነው። ናኦሚ ከዚያው ቅርንጫፍ ቆርጣ በቀለም ጣሳ ተክላ፣ የሚኖሩበት ፎቅ ጣሪያ ላይ ካወጣችው ሦስት ወር ሆኗታል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠብሰዋል፤ ውሃ የሚቀምሰው በሳምንት አንዴ ነው። ለባዮሎጂ ክበብ የምታቀርበው ሥራዋ ነበር። ደብተሯ ላይ «የጣሪያው ቅጠሉ ያነሰ ነው፤ ሽታው ግን ራስ ያዞራል» ብላ ጽፋለች። እንዴት ኮርታበት ነበር!

«ይሄኛው ይበልጣል፣ ታያለሽ» ብላት እናቷ የሚጠቀሙትን ያህል ቅጠል ጨምቃ አሸቻት፤ የተረፈውንም የራሷ ክንድ ላይ ቀባችው። ከዚያ ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው በጠራራ ፀሐይ ቮሊቦል ተጫወቱ።

ትናንት ከቸርች ሲመለሱ እናቷ የናኦሚን እጅ አይተው ጮኹ። «ከጣሪያው ነው የቆረጥሽው? አንቺ ልጅ! ፀሐይ የጠበሰው ጉልበቱ ከኔው ጋር አንድ መሰለሽ? ደሞ እሱን ተቀብተሽ ፀሐይ ላይ ወጣሽ! ቆዳ ይልጣል እኮ!»

ስለ ሶሬቲ አልነገረቻቸውም። ዛሬ ጠዋት ለራሷ ለሶሬቲ ልትነግራት ወስና ነበር። ሶሬቲ ግን በፋሻ የተጠቀለለ ክንዷን አቅፋ «በሕይወቴ ይቅር አልለውም» ስትል ናኦሚ የሹራቧን እጅጌ ወደ ታች ጎተተች። ፈራች። አንድ ያላት የልብ ጓደኛ ሶሬቲ ናት።

«ኧረ ልጁን ገደላችሁት! ሰው የለም እንዴ?» በቆሎ የሚጠብሱት ሴትዮ ጮኹ። ሰው አለ፤ ሞልቷል። ግማሹ ያያል፣ ግማሹ በስልኩ ይቀርጻል።

«ጉርድ ሾላ! ጉርድ ሾላ! አንድ ሰው!» አለ ረዳቱ። «እህት፣ ትገቢያለሽ?»

ናኦሚ አንድ እግሯን ታክሲው ላይ አደረገች። በዚህ ሙቀት የለበሰችው ሹራብ እጅጌው እስከ ጣቶቿ ወርዷል፤ ከሥሩ ቁስሉ ይለበልባታል።

ወደኋላ ዞር ስትል የሊባን ጓደኞች እዝራን አንበርክከው፣ ቀኝ እጁን ጎትተው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ዘርግተውታል። ሊባን ግማሽ ብሎኬት አንስቷል።

«በየትኛው እጅህ ነው የደፋህባት? በዚህ ነው?»

እዝራ እጁን ለማስለቀቅ እየታገለ ያለቅሳል።

«እህት፣ ግቢ እንጂ!»

ናኦሚ እግሯን ከታክሲው አወረደች። አስፋልቱን ስታቋርጥ አንድ መኪና ክላክሱን አንባረቀባት፤ ሾፌሩ ሰደባት። የተሰበሰበውን ሰው በክርኗ እየገፋች ገባች።

«ዞር በይ ናኦሚ!» አለ ሊባን። «አንቺን አይመለከትሽም!»

ከእዝራ ጎን ተንበረከከች። የሹራቧ እጅጌ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ስትሰበስበው ከነቆዳው ተነሳ፤ ጥርሷን ነከሰች። ከእጇ አንጓ እስከ ክርኗ ቀልቷል፣ ውሃ ቋጥሯል። ልክ እንደ ሶሬቲ።

ክንዷን የእዝራ እጅ ላይ ደርባ አስቀመጠችው።

«ሶሬቲን ያሸኋት በዚህ ነው» አለች።