የካፖርቴ የውስጥ ኪስ

መንገደኛ መምከር እንጀራዬ ነው። ትኬት ቆርጬ ዝም ብዬ አልሸኝም፤ ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ከመጣማ አስቀምጬ አፌ እስኪደርቅ እመክረዋለሁ። አለቃዬ እትዬ «ይቺ ልጅ አውሮፕላኑንም ልትነዳላቸው ነው» ትላለች።

ልብስ ሰፊው የመጣ ቀን ግን ምክሬ አላልቅ አለኝ። በሰው አገር የስፌት ፋብሪካ ለሁለት ዓመት ተቀጥሮ ሊሄድ ነው።

«አዲስ ጫማ እንዳታደርግ፤ እግርህን ይልጠዋል» አልኩት። «የምታርፍበትን አድራሻ በወረቀት ያዝ፤ የስልክ ባትሪ አይታመንም። ታክሲ ውስጥ ከመግባትህ በፊት በዋጋ ተስማማ። ‹አመሰግናለሁ› እና ‹ይቅርታ› ማለትን በቋንቋቸው ልመድ። ፓስፖርትህን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው፤ ከሰውነትህ አይለይ።»

«የት ላድርገው ታዲያ?»

«ልብስ ሰፊው አንተ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ሳቀና ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥዬ ልነግረው የነበረው ምክር የት እንደጠፋ እንጃ።

በማግስቱ ስለ መድኃኒት ሊጠይቅ መጣ። ሌላ ቀን ስለ ሶኬት። ከዚያ ወዲያ ጥያቄም ሳይኖረው ይመጣ ጀመር።

«ይሄ ልጅ የሚሄደው ውጭ አገር ነው ወይስ አንቺ ጋ?» አለችኝ እትዬ።

አንድ ቀን «አንቺ ካየሻቸው አገሮች የትኛውን ወደድሽ?» አለኝ።

ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱን መዋሸት አቃተኝ። «የትም ሄጄ አላውቅም። ፓስፖርትም የለኝ። የምነግርህን ሁሉ ደርሰው ከመጡ ደንበኞች ነው የለቀምኩት።»

ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ «እሺ፣ ሌላስ ምን ልያዝ?» አለኝ። የወደድኩት ያኔ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ሳንባባል መለያየት ነበር የፈራሁት። መሄጃው ሲደርስ ዛሬ ይናገራል ብዬ ጆሮዬን ባቆም «የካፖርትሽ ገበር ተተርትሯል፤ ስጪኝ ልስፋልሽ» አይለኝ መሰላችሁ። ሰጠሁት። ሰፍቶ፣ አጣጥፎ አመጣና «ሲበርድሽ ልበሺው» ብሎኝ ሄደ።

ካፖርቱን በንዴት ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያም ሲደውልልኝ ምክሬን ከማመስገን በቀር ሌላ ቃል አይወጣውም። እኔም ኩራቴ አልለቀቀኝም።

ብርዱ ሲገባ ለበስኩት። በግራ ደረቴ በኩል፣ ገበሩ ውስጥ፣ ድሮ ያልነበረ ኪስ አለ። ባዶ ነው። ስዳብሰው ያየችኝ እትዬ የራሷን ፓስፖርት ከመሳቢያዋ አውጥታ ከተተችበት። ልክክ አለ።

«አንቺ ሞኝ፣ ነይ እያለሽ እኮ ነው» አለችኝ።

ሲደውል «ኪሱ ባዶ ነው» አልኩት።

«አፌ ሲታሰር በእጄ ተናገርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «እወድሻለሁ። ፓስፖርት አውጪና ነይልኝ።»

«እኔም እወድሃለሁ፤ ግን ሰው እንዲህ ይለፋል?» አልኩት እያለቀስኩ።

አወጣሁ። ደረቴ ላይ ይዤው በረርኩ። ከኤርፖርቱ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ዓይኑ ግን እግሬ ላይ ወረደ፤ እያነከስኩ ነበር።

«አዲስ ጫማ ለመንገድ አይሆንም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ለመንገዱ ማን አደረገው» አልኩት።

ሻንጣዬን ተቀበለኝ፤ ክንዱን ተደግፌ ቀስ እያልን ወደ ታክሲው ሄድን። በዋጋው እሱ ነው የተስማማው።